በየዓመቱ የሚለቀለቅ ሥዕል፦ ደሴ አጠገብ ያለ አንድ የትምህርት ቤት አጥር ታሪክ

መነሻ

ሰሞኑን ሁለት መምህራን በተለያየ ጊዜ ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ያንን የአፈር ሥዕል እንዴት ሠራችሁት? እኛም ግቢ እንሞክረው?» ሥዕሉ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ላይ ከእናቶችና ከተማሪዎች ጋር በጭቃና በአፈር ቀለም የሠራነው ነው። በስልክ ተናግሬ የምጨርሰው ነገር አይደለም። ደግሞ ፎቶውን ብቻ ያየ ሰው ሁሉም ነገር ያማረ ይመስለዋል። ግማሹ አንዴ ፈርሷል። አንድ ልጅ ዓይኑን ተጎድቶብናል። ከእናቶች ጋርም ልንቀያየም ደርሰን ነበር። ስለዚህ ከነጉድለቱ ልጻፈው አልኩ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ጥፋቱም የእኔ የሆነበት ቦታ አለ። የሰዎቹንም የትምህርት ቤቱንም ስም አላነሳም።

ቦታውና ሰዎቹ

ትምህርት ቤቱ ያለው ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አካባቢው ክረምትም በልግም የሚዘንብለት ነው። ይህን የዝናብ ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ደሴና ዙሪያዋ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ነበር። ይህም አንዱ ነው። ልጆቹ ሲመለሱ ግቢው የሰው ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። ዴስኩ አልቋል፣ ዛፉ ተቆርጧል። የቀረው ነገር ቢኖር በብሎኬት የተሠራ፣ ምንም ያልተለሰነ፣ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን የአጥር ግድግዳ ነው።

ነዋሪው ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው። ወሎ ውስጥ ይህ እንደ ልዩ ነገር አይወራም። አንድ ቤት ውስጥ አጎት ሐጂ፣ አክስት ደግሞ ማኅበር ጠጪ ሊሆኑ ይችላሉ። ቡናው ግን አንድ ነው።

ችግሩ

መጀመሪያ የታሰበው ግድግዳውን ቀለም መቀባት ነበር። የቀለሙ ዋጋ ሲጠየቅ ሐሳቡ እዚያው ቀረ። ከዋጋው የባሰ ሌላ ነገርም ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ እንዲህ አሉ፦ «ወላጅ እዚህ ግቢ የሚመጣው ልጁ ሲያጠፋ ወይ መዋጮ ሲኖር ነው። እናቶቹ ከበሩ አያልፉም።» ግድግዳውን እናቶቹ ራሳቸው ቢሠሩትስ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። እናቶቹ የሚያውቁት ደግሞ ጭቃና ስፌት ነው። ዕቃው በገንዘብ የሚገዛ አይደለም፣ ከሜዳ ይለቀማል፣ ከጉብታው ይቆፈራል።

የአንድ ባህል ነክ ፕሮጀክት አነስተኛ ድጋፍ አገኘን። ዕቅድ ተጻፈ። ዕቅዱ ላይ «ቁሳቁስ ማሰባሰብ፦ ኅዳር» ይላል።

ስንደዶው አይጠብቅም

ዕቅዱን ለእናቶቹ ስናነብ አንዲት አዛውንት አቋረጡን። «ልጄ፣ ስንደዶ እናንተን አይጠብቅም» አሉ።

ልክ ነበሩ። ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ፣ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን ነው። አንድ በአንድ ይመዘዛል። ካለፈበት ይደርቅና ሲሰፋ ይሰበራል። አክርማም የራሱ ወቅት አለው። ገንዘቡ እስኪለቀቅ ብንጠብቅ ኖሮ ኅዳር ላይ የምንለቅመው ገለባ ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ሳይመጣ ለቀማ ጀመርን። መስከረም 2015 ነው። ለእኔ ከሥራው ሁሉ ያ ሁለት ሳምንት ይበልጥብኛል። ልጆቹ እናቶቻቸውን ተከትለው ሜዳ ወጡ። የትኛው ሣር አክርማ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚመስለው፣ የትኛው እጅ እንደሚቆርጥ እየነኩ ተማሩ። የስድስተኛ ክፍል ልጅ የሣሩን ስም ሳያውቅ ከአክርማ በተሰፋ መሶብ ላይ እንጀራ ሲበላ አድጓል። እናቱ ስታሳየው የተገረመውን ፊት አልረሳውም።

በሦስተኛው ቀን ግን ተጣላን። ጥቂት ልጆች በአቅራቢያው ያለው ክልክል ውስጥ ገብተው አክርማውን ከነሥሩ ነቀሉት። ያ ተራራ ከብት እንዳይገባበት፣ እንጨት እንዳይቆረጥበት በነዋሪው ስምምነት የተዘጋ ነው። ሣሩ የሚታጨደው በተፈቀደ ቀን ብቻ ነው። ጥበቃው ልጆቹን ከነሣር እስራቸው ይዞ መጣ። እኛ ፈቃድ የጠየቅነው ከትምህርት ቤቱ ነው። ሣሩ ግን የትምህርት ቤቱ አይደለም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ካሳ አልተጠየቅንም። አንድ ቀን ተቆረጠልን፣ በማጭድ ብቻ እንዲታጨድ፣ ምንም እንዳይነቀል፣ አንድ ቦታ ከበቀለው ሣር ግማሹ እንዲቀር ተባለ። ጥበቃውም አብሮን ዋለ። በኋላ ከሥራው ቋሚ ደጋፊዎች አንዱ ሆኗል። የትኛው ቁልቁለት ላይ አፈሩ ቀይ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ነጭ እንደሚገኝ ያሳየን እሱ ነው።

ጭቃው

የመጀመሪያው ጭቃ ከሸፈ። ቅርብ ስለነበረ ከእርሻው ዳር ጥቁሩን ዋልካ አፈር አመጣን። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሦስት ቀን ውስጥ ግድግዳው የደረቀ ኩሬ መሰለ።

ዕድሜ ልካቸውን የጭቃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት መጥተው አዩት። ምንም አላሉም። በማግስቱ ከልጃቸው ጋር በአህያ ቀይ አፈር ጭነው መጡ። የጤፍ ጭድ ጨመሩበት፣ ውኃ አጠጡት፣ በእግር አስረገጡት። ከዚያ ሸፍነው ለሳምንት ተዉት። «ጭቃ ሳይቦካ አይለጠፍም» አሉን። በየሁለት ቀኑ ይረገጣል፣ ውኃ ይጨመርበታል። የቦካ ጭቃ ሽታ አለው፣ እጅ ላይም እንደ ሊጥ ይሳባል። ልዩነቱን አንዴ የነካ ሰው አይስተውም።

ከዚያ በኋላ ቸኩለን አልለጠፍንም። ግድግዳው ጥግ ላይ የጭዱን መጠን እየቀያየርን አራት ትናንሽ ሙከራዎች ለጠፍን። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ጭዱ ያነሰበት ተሰነጠቀ፣ ከልክ በላይ የበዛበት ተፈረፈረ። መካከለኛውን ያዝን።

ብሎኬቱ ሌላ ጣጣ ነበረው። የጭቃ ቤት ግድግዳ እንጨቱና ጭራሮው ጭቃውን ይይዘዋል። ብሎኬት ግን የሚይዝበት ነገር የለውም። አባትየው ከላይ እስከ ታች በመዶሻ ጫር ጫር ተደርጎ፣ በውኃ ርሶ ነው የሚለጠፈው አሉ። የላይኛውን እንዳሉት አደረግን። የታችኛውን ግን ጊዜ አጠረንና ውኃ ብቻ ረጭተን አለፍነው። ይህንንም ያዙልኝ።

ምን ይሣል?

ሦስት ስብሰባ ፈጀ። አንዳንድ አባቶች የሰው ፊት እንዲቀረጽ አልፈለጉም። ሌሎች ደግሞ የመልአክ ሥዕል ቢኖር ደስ ይላቸው ነበር። ክርክሩ ሊከር ሲል አንድ ሼኅ «የሚያለያየንን በየቤታችን እንያዝ፣ የሚያገናኘንን ግድግዳው ላይ እናድርግ» አሉ። ቄሱም «ታዲያ ቡና ነዋ!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ነገሩም አለቀ።

ስለዚህ በግራ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በቀኝ በኩል የሐይቅ ውኃ፣ መሐል ላይ ረከቦት ሆነ። ጀበናዋን የያዘች እጅ ብቻ ትታያለች፣ ፊት የለም። ሦስት ትልልቅ ስኒዎች አሉ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቅርጹ ከግድግዳው በሁለት ጣት ያህል ወጣ ያለ ነው።

ቀለሙ ሁሉ ከዚያው ነው። ቀዩ ከጉብታው፣ ቢጫማው መንገድ ሲቆረጥ ከወጣው አፈር፣ ጥቁሩ ከተፈጨ ከሰል፣ ነጩ ከነጭ አፈር። በወንፊት ተነፍቶ፣ በቀጭኑ ተበጥብጦ፣ በጨርቅ ተቀባ።

እኔ ስኒዎቹን በሽምብራና በባቄላ እንድናስጌጥ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። እናቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «እህል ግድግዳ ላይ አይለጠፍም» አለች። በዚያ ግቢ ስንት ሰው የዕርዳታ ስንዴ ተሰልፎ እንደወሰደ እያወቅኩ ነው ያንን የተናገርኩት። በእህል ፈንታ ጠጠርና የጽድ ፍሬ ተለጠፈ። የሚያብረቀርቀውን የጉሎ ፍሬ ልጆቹ ለቅመው አምጥተው ነበር። የጤና ባለሙያዋ ግን መርዛማ ስለሆነ ትንንሽ ልጆች እጅ መግባት የለበትም ብላ አስጣለችው።

የቁልቋሉ ቀን

ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ።

ከወጣቶቹ አንዱ ሌላ አገር የቁልቋል ውኃ ጭቃ ላይ እየጨመሩ ግድግዳ እንደሚያጠነክሩ ዩቲዩብ ላይ አይቶ ነገረን። ጥሩ ነው አልኩ። ለተማሪዎች «ነገ ቁልቋል አምጡ» ብዬ ተናገርኩ። ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለው ፍሬው የሚበላው፣ ጠፍጣፋው የባሕር ቁልቋል ነው፣ በለስ የምንለው። በእኛ አገር ግን ዝም ብሎ ቁልቋል ሲባል በየአጥሩ ያለው፣ ሲቆረጥ ወተት የሚያወጣው ነው። ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ አደገኛ ነው። ሁለት ልጆች ያንን ሰብረው ሲያመጡ ወተቱ ተረጨባቸው። አንደኛው ዓይኑን በእጁ አሸው።

የሰፈሩ እናቶች ከእኛ ቀድመው ደረሱ። ዓይኑን ከፍተው ንጹሕ ውኃ ደጋግመው፣ ለረጅም ጊዜ አፈሰሱበት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ዓይኑ ለቀናት ቀልቶ፣ አብጦ ቆየ። ተመስገን፣ ደህና ሆነ። እኔ እቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። አባቱ «አብሽር፣ ልጁ ተርፏል» አሉኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተጽናናሁም። አንድ ስም ለሁለት ተክል እንደሚሆን የማንም ገበሬ ልጅ ያውቃል፣ አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ አይደርስም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ተክል የሚያመጣ አዋቂ ብቻ ሆነ። ከመቆረጡ በፊትም አንድ ቅርንጫፍ ለእናቶቹ ይታያል።

ኋላ ላይ ትክክለኛውን በለስ ከቆላ አስመጥተን፣ ዘፍዝፈን፣ የሚያዳልጠውን ውኃ በአንዱ ስኒ ላይ ሞከርነው። ከሌሎቹ የተለየ ነገር አላየንበትም።

በልግ መጣ

ሥዕሉ የካቲት ላይ አለቀ። ተመረቀ፣ ፎቶ ተነሣ። በመጋቢት ዝናብ መጣ።

የ2015 መጋቢት ረመዳንና ዐቢይ ጾም የተገናኙበት ነበር። ሁሉም ሰው ጾመኛ ነው። አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ስንደርስ የግድግዳው ታችኛ ክፍል እስከ ጉልበት ድረስ ተልጦ መሬት ላይ ተኝቷል። የሐይቁ ውኃ ግማሹ የለም። ከላይ ያለው ግን፣ ጦሳም ስኒዎቹም፣ ደህና ነበሩ።

ልጆቹ አለቀሱ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከእናቶቹ አንዷ ተጠግታ አየችውና «ታዲያ ቤታችንንስ በየዓመቱ እንለቀልቅ የለ? ምኑ ይገርማል?» አለች። እኛ ለዘለዓለም የሚቆም ነገር የሠራን መስሎን ነበር። እነሱ ከመጀመሪያውም እንደዚያ አላሰቡትም።

ምክንያቱን ለማወቅ አልተቸገርንም። የወደቀው ያልተጫረው ክፍል ነው። በዚያ ላይ መሬቱ ባዶ ስለሆነ ከላይ የሚወርደው ውኃ ነጥሮ ታችኛውን ይደበድበዋል። ከላይ ያደረግናት ቆርቆሮም አጭር ነበረች።

ጥገናው ሁለቱ ጾሞች እስኪፈቱ ቆየ። ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ ደግሞ ሚያዝያ 13 ሆነ። ከዒድ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ከጠበቅነው በላይ ሰው ወጣ። ከግርጌው ድንጋይ ተደረደረ፣ ፊቱ ላይ ጠጠር ፈሰሰ፣ ቦይ ተቀደደ። ቆርቆሮዋ በክንድ ያህል ወጣች። ታችኛው ግማሽ ሜትር ጭቃ ሳይነካው እንደ ቤት መሠረት ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ሐይቁ ትንሽ ከፍ አለ ማለት ነው። የዚያ ዓመት ክረምት ብዙም አልጎዳውም።

ስፌቱና ገንዘቡ

በለቀምነው ስንደዶና አክርማ 14 እናቶች ትልልቅ ክብ ስፌቶች ሰፉ። እኛ ቀለሙም ከተክል ይሁን ብለን ነበር። ለእንሶስላ ሥር ማን ይቆፍራል፣ ስንት ይበቃል ሲባል መልስ አልነበረንም። እናቶቹ ባይቀለምም ያምራል አሉ። የሣሩ የራሱ ወርቃማ መልክ ቀረ፣ ደግ አደረጉ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የተሰቀሉት ዛሬም ደህና ናቸው። አንዱን ለእይታ ብለን በረንዳ ላይ ሰቀልነው። ፀሐዩ አነጣው፣ ክረምት ላይ ሻገተ።

ከዚህ የከበደው ነገር ግን ሌላ ነው። በጀቱ ለአስተባባሪዎች አበልና ትራንስፖርት ነበረው። ለእናቶቹ የተያዘው ሻይና ዳቦ ብቻ ነው፣ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በሚል። ስፌቱ ሊያልቅ ሲል ሦስት እናቶች ቀሩ። ለምን ብለን ስንጠይቅ አንዷ በጨዋ ደንብ ነገረችን። ይህን ያህል ወስፌ የያዘችበትን ጊዜ ለገበያ ብታውለው ኖሮ ለልጇ ደብተር ትገዛበት ነበር። እኛ ለመቆም አበል እንቀበላለን፣ እሷ ለመሥራት አትቀበልም።

አበላችንን ቀንሰን ለእያንዳንዱ ስፌት በገበያ ዋጋ ከፈልን። ዘግይተን ስለሆነ አንዲቷ እናት አልተመለሰችም። ግድግዳው በደቦ መሠራቱን ግን ማንም አልተቃወመም። ደቦ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ ነው፣ ትምህርት ቤቱም የሁሉም ልጆች ነው። ስፌት ግን የግል ሙያ ነው። ይህን ልዩነት እኛ አላወቅንም፣ እነሱ ያውቁ ነበር።

ሌላ ቦታ ለሚሞክር

ለደወሉልኝ መምህራን የምለው ይህን ነው። በጀት ከመጻፋችሁ በፊት የሚለቅሙትን ሰዎች ጠይቁ፣ ወሩን እነሱ ይንገሯችሁ። ገንዘቡ ከዘገየ ለቀማውን አስቀድሙ፣ በጊዜው የተለቀመ ስንደዶ ደርቆ ይቀመጣል፣ ሲሰፋ ውኃ ይነክሩታል። ሜዳው የማን እንደሆነ ሳትጠይቁ ልጅ አታሰማሩ። ባለቤት የሌለው የሚመስል ተራራ ሁሉ ባለቤት አለው።

ጭቃውን ሞክሩት፣ ሙከራው እስኪደርቅ ሳትለጥፉ ጠብቁ። ሥራውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጨርሱት፣ በልግ በሚዘንብበት አገር የካቲት ዘግይቷል። ብሎኬት ከሆነ ሳትጭሩት አትለጥፉ። ከግርጌ ድንጋይ፣ ከላይ ሰፊ ክዳን ከሌለው ባትጀምሩት ይሻላል።

የምታመጡትን ተክል ስሙን ብቻ አትጥሩ፣ አሳዩ። ለግል ሙያ ክፈሉ። ለጥገናው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ወር ቁረጡለት። እኛ በኋላ ጥቅምትን አደረግነው፣ ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ።

አሁን

ግድግዳው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይለቀለቃል። ያ ጭቃ ያስተማሩን አባት አሁን አቅም አንሷቸዋል፣ ወንበር ይወጣላቸውና ተቀምጠው ያዝዛሉ። እናቶቹ ከበር ያልፋሉ፣ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከእነሱ አንዷ ይዛለች። ዓይኑ የተጎዳው ልጅ ዘንድሮ ትንንሾቹን ሜዳ ይዞ ከወጡት አንዱ ነበር። ቁልቋሉ ጋ ሲደርሱ ሁሉንም አስቁሞ አሳያቸው።

በልቅለቃው ቀን የአራተኛ ክፍል ልጆች ሦስተኛዋን ስኒ እንዲጠግኑ ተሰጣቸው። ከሌሎቹ ሁለቱ አግዝፈው ሠሯት። ይስተካከል ወይ ብለን እናቶቹን ጠየቅን። በረካ አይደለች እንዴ፣ ትብዛ አሉ።